ዩዝድ የጠላቂ ሰአት ለሚያስመጣ የጎጃም ሰው፦ ሮሌክስ፣ ኦሜጋ ወይስ ቱዶር?

ውጭ ያለ ዘመድ ሊመጣ ሲል «ምን ይዤልህ ልምጣ» ማለቱ አይቀርም፣ ድሮ መልሱ ስልክና ጫማ ነበር፣ አሁን አሁን ግን ባህርዳርም ማርቆስም እንጅባራም «ዩዝድ ሰአት ፈልግልኝ» የሚል ሰው በዝቷል፣ በተለይ እነዚ ዙሪያቸውን ሚዞር ቀለበት ያላቸው፣ ዳይቨር ሚባሉት የጠላቂ ሰአቶች። ነገሩ ክፋት የለውም። አዲሱ ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው አይቀመስም፣ ሌላ ሰው እጅ ላይ ጥቂት አመት ከቆየ በኋላ ግን ብዙዎቹ በደንብ ይወርዳሉ፣ ሰአት ደግሞ ስልክ አይደለም ቶሎ አያረጅም፣ የ20 አመት ኦሜጋ ተፈቶ ታጥቦ ዘይቱ ከተቀየረ ገና ብዙ ይሰራል። ችግሩ የቱን የሚለው ላይ ነው። ዩቱብ ላይ ያለው ምክር ሁሉ ለንደንና ኒውዮርክ ለሚኖር ሰው የተነገረ ነው፣ እነሱ ሰአታቸው ሲቆም ሁለት መንገድ ተሻግረው ለወኪሉ ያስረክባሉ፣ እኛ ደጀንን ወርደን አባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ድረስ ሄደንም መለዋወጫውን ላናገኝ እንችላለን።

ስለዚ እኔ በስምም በጥልቀትም አላወዳድርም፣ በማሽኑ ነው። ውስጡ ያለው ማሽን ምንድነው፣ ሲደክምስ ፒያሳ ወይ ባህርዳር ያለ አንድ ጎበዝ ሰአት ሰሪ ከፍቶ ሊመልሰው ይችላል ወይ፣ ከሱ ቀጥሎ ነው ስለ ውበትና ስለ ስም ማውራት ያለብን። (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ ዋጋውንም በዶላር፣ ብር ከ2024 ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ በብር ጽፎ መተው ዋጋ የለውም።)

መጀመሪያ የጥልቀቱን ወሬ እንገላገለው። 200 ሜትር፣ 300 ሜትር፣ 500 ሜትር እያሉ ያስደምሟችኋል። ጣና እኮ ጥልቅ የተባለው ቦታው 15 ሜትር ቢደርስ ነው! ከባህርዳር ዘጌ፣ ከዘጌ ደቅ በጀልባ ስትሄዱ ከስራችሁ ያለው ውሃ ለነዚ ሰአቶች ቀልድ ነው፣ አይኤስኦ 6425 ሚባለው የጠላቂ ሰአት ደረጃ ራሱ ትንሹን የሚጠይቀው 100 ሜትር ነው። ለ300 ሜትር ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ውሃ የሚያስገባው የቁጥሩ ማነስ አይደለም፣ የጎሚኒው (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ) መድረቅ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 300 የተጻፈበት ሰአት ጎሚኒው ካለቀ እጅ ስትታጠቡ ውስጡ ላብ ያወጣል። ዩዝድ ሰአት ደግሞ የመጨረሻው ሰርቪስ መች እንደተደረገ ካልታወቀ ጎሚኒው አልቋል ብሎ መነሳት ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ማንም የማያነሳው ነገር ቀኗ ናት፣ ያቺ 3 ቁጥር ላይ ወይ 6 ቁጥር ላይ ያለችው መስኮት። አብዛኞቻችን ሰአታችንን በሀበሻ ነው ምንሞላው አይደል። እነዚ ሰአቶች ቀን የሚቀይሩት ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገጥሙ ነው፣ ለፈረንጁ እኩለ ሌሊት ነው፣ ለኛ ግን ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ይሆናል። ጠዋት 12 ላይ እንዲቀይር አድርጋችሁ ከሞላችሁት እንደውም ከኛ ቀን አጀማመር ጋር ግጥም ይላል፣ ማታ ላይ ከሆነ ግን ገና እራት ሳትበሉ ነገ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱ ይሁን፣ ቁጥሩ ደግሞ እስከ 31 ነው የሚሄደው፣ የኛ ወር 30 ላይ ያበቃል፣ በሀበሻ ቀን የሚጠቀም ሰው በየወሩ መዝለል አለበት፣ ጳጉሜ ሲመጣ ደግሞ 5 ወይ 6 ላይ አቁሞ እንደገና ወደ 1 ማዞር ነው። ይሄ ሁሉ መነካካት ለማሽኑ ጥሩ አይደለም፣ በተለይ ቆጣሪው ቀን ሊቀይር ሲል ወይ ገና ቀይሮ ሳይጨርስ፣ ማለትም ቀን በሚቀይርበት 12 ግራና ቀኝ ከ9 እስከ 3 ባለው መሃል ቀኑን ብታዞሩት ጥርሱን ልትሰብሩት ትችላላችሁ። በኔ እይታ እዚ አገር ለሚኖር ሰው ቀን የሌለው ዳይቨር ትልቅ እረፍት ነው፣ ውጭ አገር ግን ሰው «ቀን እንኳ የለውም» ብሎ ያጣጥለዋል።

አሁን ወደ ሰአቶቹ።

ሮሌክስ ሰብማሪነር የሁሉም ህልም ነው፣ ከ1953 ጀምሮ አለ፣ ሌላው ሁሉ እሱን አይቶ ነው የተሰራው ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ዩዝድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው 16610 የሚለውን ነው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2010 የተሰራው፣ 40 ሚሊሜትር፣ ውስጡ 3135 ሚባል ማሽን ያለው። ማሽኑ ፈረስ ነው፣ በጥንካሬው ማንም አይከራከርም። ግን ዋጋው 8 ሺ ዶላር አካባቢና ከዛ በላይ ነው የሚጀምረው፣ መለዋወጫውንም ካምፓኒው ከተፈቀደላቸው ውጭ ለማንም ሰአት ሰሪ አይሰጥም። የሰብማሪነር አንድ ትልቅ ጥቅም ዋጋውን መጠበቁ ነው፣ ነገ ውጭ ወስዳችሁ ብትሸጡት ብዙ አትከስሩም። ግን እሱን የሚገዛችሁ ሰው እዛ ነው ያለው፣ እዚ አይደለም። ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ ብታሳዩት ጓደኛችሁም አስተናጋጁም «ቻይና ነው አይደል? ስንት ገዛኸው» ነው ሚላችሁ፣ ኦሪጅናል ነው ብላችሁ መሃላ ብትገቡም የሚያምን የለም፣ የሚያምን ከተገኘ ደግሞ እሱ ይበልጥ ያሰጋል። 8 ሺ ዶላር እጅ ላይ አስሮ በዚ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ መግባት... ለማንኛውም እኔ አልመክርም፣ ገንዘብ ማስቀመጫ ካደረጋችሁት ግን ያው የናንተ ምርጫ ነው።

ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ሜትር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ሳይገዛ ነው በሮሌክስ የሚቃጠለው። በ1993 ነው የወጣው፣ ጀምስ ቦንድ ከ1995 ጀምሮ እጁ ላይ ስላሰረው አለም አወቀው። ሰማያዊ ፊት፣ ፊቱ ላይ የማዕበል መስመር፣ 10 ቁጥር አጠገብ ተጨማሪ ጉብ ያለች መክፈቻ (ሄሊየም ጋዝ ማስወጫ ናት)። ቁጥሩ 2531.80 የሆነው አውቶማቲክ ሲሆን ውስጡ 1120 ሚባል ማሽን አለው፣ መሰረቱ ኢቲኤ ሚባለው የስዊስ ማሽን ሰሪ ፋብሪካ ያወጣው 2892 ነው፣ ይሄ ማለት ብዙ ሰአት ሰሪ እጁ የለመደው ማሽን ነው ማለት ነው። ዋጋው እንደ ሁኔታው ከ2 ሺ እስከ 3 ሺ ዶላር መሃል ይገኛል። 2541.80 የሚለው መልኩ ቁርጥ እሱ ሆኖ ባትሪ ነው፣ ረከስ ይላል፣ ሰአት መሙላት ለሚሰለቸው ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ባትሪ ለመቀየር በየጊዜው ጀርባው ስለሚከፈት ጎሚኒ ሳይቀየር እየተዘጋ የመጣ ሊሆን ይችላል። እጃቸው ቀጭን ለሆነና ለሴቶች ደግሞ 36 ሚሊሜትሩ 2551.80 አለ፣ ማሽኑ አንድ ነው፣ ለእህታችሁ የሰርግ ስጦታ ብታስቡት አታፍሩበትም።

ከዛ በኋላ የመጣው 2500 ማሽን ያለው ትውልድ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ኮአክሲያል ሚባለውን (የማሽኑን ምት የሚቆጣጠር ክፍል ነው) እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ የፈጠረውን አሰራር ነው ኦሜጋ ከ1999 ጀምሮ ያስገባው፣ ሀሳቡ ድንቅ ነው፣ ግን የ2500 የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ቀጥ ብለው ይቆማሉ የሚል ቅሬታ በሰፊው ተነስቶባቸዋል፣ የኋለኞቹ ተሻሽለዋል። የቱ እንደሆነ ጀርባው ሳይከፈት ስለማይታወቅ እኔ እዛ ውስጥ ባልገባ እመርጣለሁ። የ2018ቱ፣ ሴራሚክ ፊት፣ 42 ሚሊሜትር፣ ባለ 8800 ማሽኑ ደግሞ እጅግ ያምራል፣ 15 ሺ ጋውስ ማግኔት ይቋቋማል ምናምን፣ ግን ሲበላሽ ከኦሜጋ ውጭ ማንም አይነካውም። ያኔ ሰአቱን ወደ ውጭ ለመላክ ፖስታ ቤት ናችሁ።

ቱዶር። ስሙ በ1926 ለሮሌክሱ መስራች ለሃንስ ዊልስዶርፍ ተብሎ የተመዘገበ የሮሌክስ ታናሽ ወንድም ነው፣ የፈረንሳይ ባህር ሃይል ጠላቂዎች ለብዙ አመት ያሰሩት እሱን ነው። ብላክ ቤይ ሚባለው በ2012 ወጣ። እዚ ጋ ነው ነገሩ፣ ብላክ ቤይ ሁለት አይነት ነው። ከ2012 እስከ 2016 የተሰራው 79220 ውስጡ ኢቲኤ 2824 ነው፣ በ2016 የመጣው 79230 ደግሞ የራሱን ማሽን አስገባ። ውጭ ያሉ ሰዎች የራሱ ማሽን ያለውን ነው የሚያሞግሱት፣ 70 ሰአት ሳይሞላ ይሄዳል፣ የኮስክ (የሰአት ልክነት የሚፈትን የስዊስ ተቋም) ሰርተፍኬት አለው፣ እውነት ነው። እኛ ግን ቀልብሰን ማየት አለብን፣ ኢቲኤ 2824 ማለት አለም ላይ በብዛት ከተሰሩት አውቶማቲኮች አንዱ ነው፣ ሴሊታ ሚባል ሌላ ፋብሪካ የሚሰራው ኤስደብሊው 200 ደግሞ በሱ አምሳል የተሰራ ስለሆነ ብዙ ክፍሎቻቸው ይገጣጠማሉ፣ መለዋወጫ ከኢንተርኔትም ከሌላ ከሞተ ሰአትም ይገኛል፣ ሰአት ሰሪውም ሲከፍተው አይደነግጥም። 79220 ደግሞ ቀን የለውም። 10 ቁጥር ላይ እንደ ኦሜጋው ያ ተጨማሪ ቀዳዳ የለውም፣ ውሃ ሊገባበት ሚችል በር አንድ ቀነሰ ማለት ነው። ከተከታዩ ይቀጥናል። ዋጋውም 2 ሺ ዶላርና ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የኔ አንደኛ ይሄ ነው፣ ቀዩ ወይ ሰማያዊው። ጥቁሩ ከአመት ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለተሰራ ሰብሳቢዎች ዋጋውን ሰቅለውታል፣ ለቀለም ብላችሁ ያን አትክፈሉ። ለመለየት ፊቱን እዩ፣ የድሮው 79220 12 ቁጥር ስር ጽጌረዳ አለው፣ ከታች ያለው ጽሁፍ ደግሞ ፈገግ ያለ ከንፈር መስሎ ጎብጦ ነው የተጻፈው፣ አዲሱ ጋሻ ነው ያለው።

ብላክ ቤይ 58 ደግሞ በ2018 የወጣው 39 ሚሊሜትሩ ነው፣ ለሀበሻ እጅ ልክ ነው፣ ቀን የለውም፣ ከሁሉም ያምራል ብላችሁ አልከራከርም። ማሽኑ ግን የራሱ ነው፣ ስለዚ ውጭ በየጊዜው ሚመላለስ ሰው ያለው ይግዛው። ቱዶር ከ2020 ጀምሮ የ5 አመት ዋስትና ይሰጣል፣ ለሁለተኛ ገዥም ያልፋል፣ ዋስትናው ያላለቀ ካገኛችሁ እሰየው።

በጀታችሁ 1 ሺ ዶላር አካባቢ ከሆነ አትፈሩ። ታግ ሁወር አኳሬሰር ካሊበር 5 ሚለው፣ ኦሪስ አኩዊስ 733 ማሽን ያለው፣ ሎንጂን ሃይድሮኮንክዌስት የድሮው ኤል 633፣ ሶስቱም ውስጣቸው ያው የ2824 ወይ የሴሊታ ቤተሰብ ነው። ሎንጂን አዲሱ ባለ ሴራሚኩ ግን ሌላ ማሽን ነው፣ አትሳቱ። ከሶስቱ እኔ ኦሪስን አስቀድማለሁ፣ ብረቱ ጠንከር ያለ ነው፣ ግን ማሰሪያው የራሱ ቅርጽ ስለሆነ ሌላ ቆዳ ወይ ጨርቅ እንደልብ አይገጥምለትም። (ሉክሸሪ ቀርቶብኝ ጣና ላይ ብቻ ልዋኝበት ካላችሁ ከ1996 እስከ 2019 የተሰራው ሴኮ ኤስኬኤክስ 007 ሁሉንም ያስንቃል፣ ግን ዛሬ የመጣነው ለሱ አይደለም።)

ሲገዛ ምን ይታይ። ብዙ ሰው የሚያየው ጭረት ነው፣ ጭረት ምንም አይደለም፣ የሚያስፈራው ጭረት የሌለው ነው። የሰአቱን ትከሻ፣ ማሰሪያው የሚገባበትን አራቱን ቀንድ እዩ፣ ጠርዛቸው ስል ሆኖ በብሩሽ የተሰራውና የሚያበራው ክፍል ጥርት ባለ መስመር መለየት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ፖሊሽ የተደረገ ከሆነ እንደተጠባ ከረሜላ ሙልጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ያ ብረት አይመለስም። ከዛ ሰአቱን በጎኑ ይዛችሁ ማሰሪያውን አግድም ልቀቁት፣ ወደ ታች ተልፈስፍሶ የሚወድቅ ከሆነ ተበልቷል። ቤዝሉን (ዙሪያውን ያለውን ቀለበት) አዙሩት፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው መዞር ያለበት፣ ይሄ ለጠላቂው ህይወት ተብሎ ነው፣ በስህተት ቢነካ የቀረውን ጊዜ ያሳንሳል እንጂ አያስረዝምም። ወደ ሁለቱም ጎን ከዞረ ወይ ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት።

መሙያውን በተመለከተ፣ በነዚ ሰአቶች መሙያው ብሎን ነው፣ ሲፈታ ለስላሳ መሆን አለበት፣ ሲዘጋ ደግሞ ከመግፋታችሁ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ አዙሩት፣ ጥርሱ ጠብ ሲል ጣታችሁ ላይ ይሰማል፣ ያኔ ነው ወደ ፊት እየገፉ ማጥበቅ። ይሄን ሳያውቁ በጉልበት እያጠበቁ ስንቱ ጥርሱ ተላጧል። ጀርባውን ማስከፈት ከተቻለ ደግሞ ያስከፍቱ፣ ሰአት ሰሪው አጉሊ መነጽሩን አይኑ ላይ ሰክቶ ጎሚኒውን በመርፌ ጫፍ ሲያነሳው እዩ፣ ደህና ከሆነ ክብ ሆኖ ተለጥጦ ይወጣል፣ ያለቀ ከሆነ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎድጓዳው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲነኩት ይቆረሳል። አጠገቡ የዝገት ዱቄት ካለ ውሃ ገብቶ ነበር ማለት ነው፣ ያን ሰአት በነጻም ቢሰጧችሁ አስቡበት።

ጨለማ ላይ ስለሚያበራው ቀለም አንድ ነገር። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙዎቹ ትሪቲየም ነበሩ፣ ፊቱ ላይ 6 ቁጥር ስር የቲ ፊደል ታያላችሁ፣ ትሪቲየም በ12 አመት ገደማ ሃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ዛሬ ጨርሶ አያበራም ቢባል ይሻላል። አለማብራቱ ጤነኛ ነው። ቲ እያለበት ቦግ ካለ ግን ቀለሙ ተቀብቷል ወይ ፊቱ ተቀይሯል፣ ሻጩን ጠይቁት።

ፌኩን በተመለከተ፣ «የሰከንድ ቆጣሪው ካልቆራረጠ ኦሪጅናል ነው» የሚለውን እርሱት፣ የቻይናውም ዛሬ አውቶማቲክ ገብቶለት ይንሳፈፋል፣ አንዳንዱማ ሴራሚኩም ክብደቱም ልክ ነው። ማሽኑን ከፍቶ ከማየት ሌላ ማረጋገጫ የለም። ስለዚ ቴሌግራም ላይ «ከዱባይ የመጣ፣ ወረቀቱ ጠፍቶ ነው» እያለ በሩብ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ጋ ሰአቱ እጃችሁ ሳይገባና ሳይከፈት ብር አትላኩ፣ ደላላው የሰፈራችሁ ልጅ ቢሆንም። ሳጥንና ወረቀት ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀትም ይሰራል፣ እኔ ከወረቀቱ ይልቅ የሰርቪስ ደረሰኙን ባገኝ ደስ ይለኛል፣ መች ተከፈተ፣ ምን ተቀየረ የሚለው ተጽፎበታልና። በቅርብ ሰርቪስ ካልተደረገ ደግሞ እዛው ውጭ አስደርጉት፣ ወጪውን ከመጀመሪያው በዋጋው ላይ ደምራችሁ አስቡት፣ ውሃ የማስገባት ፈተናውንም በማሽን እዛው ያስሞክሩት።

ዘመዳችሁ ሰአቱን ሲቀበል አንድ ቀን ሙሉ ከስልኩ ጋር ያስተያየው፣ በኮስክ የተፈተነ ማሽን በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ መዘግየት ከ6 ሰከንድ በላይ መፍጠን የለበትም፣ ያረጀ ከሆነ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል፣ ደቂቃ የሚስት ከሆነ ግን ይመልስ። ቀረጡን ቀድማችሁ አጣሩ፣ ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ ሰአቱን ሻንጣ ውስጥ እንዳይጥለው። ማሰሪያውን ለራሱ እጅ ካሳጠረው ደግሞ የወጡትን ማያያዣዎች እንዳይረሳ አስጠንቅቁት፣ ሰአቱ ደብረማርቆስ ደርሶ ሁለቷ ብረት ቨርጂኒያ መሳቢያ ውስጥ ከቀረች የሚቀጥለውን መንገደኛ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው።